ወረቀቱ ያልነገረን መነሻ

አሸዋውን እስከ ክርኔ ድረስ ቆፈርሁ። መጀመሪያ በማጭድ፣ ቀጥሎ በእጄ፣ በመጨረሻ ከልጄ ጣሳውን ተቀብዬ በጣሳ። ላይ ላዩ ያቃጥላል፤ ዝቅ ሲል ቀዘቀዘልኝ። ሲቀዘቅዝ ደስ አለኝ፤ ውኃ ከቅዝቃዜ ኋላ ነውና የሚመጣ። ከቅዝቃዜው ኋላ የመጣው ግን ሌላ ደረቅ አሸዋ ነበር።

ቀና ብዬ ልጄን አስካልን አየኋት። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ከአጠገቤ ቆማለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«እስቲ እንደገና አንብቢው» አልኋት።

«በሁለተኛው ኮር ላይ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከሥሩ አሸዋውን ክንድ ያህል ቆፍሩ፤ ውኃ ታገኛላችሁ።»

ኮር የምንለው ክረምት ሞልቶ የሚጋልብ፣ በጋ አሸዋ ሆኖ የሚቀር ወንዝ ነው፤ ቃሉን ከሱዳኖቹ ወስደነዋል። የቆምነው ሁለተኛው ላይ ነው፤ ቆጥረናል። ድንጋይም ነበር። ድንጋዩ አመድማ ነው እንጂ ጥቁር አልነበረም፤ እኛ ግን «ጧት ጥላ ሆኖበት አይቶት ይሆናል» ተባብለን ነበር መቆፈር የጀመርን። ከዚያ በፊት በአንደኛው ኮር ላይ ትልቅ ዲማ መኖር ነበረበት። ዲማ ግንዱን አምስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማይዞረው የቆላ ዛፍ ነው፤ አይሰወርም። ዲማ አልነበረም። ያን ጊዜም አስካል «ለከሰል ቆርጠውት ይሆናል» አለች፤ እኔም «ይሆናል» አልሁ። ዲማ ከሰል እንደማይወጣው አውቃለሁ። እያወቅሁ «ይሆናል» አልሁ።

ጉድጓዱ ዳር ተንበርክኬ ሁለቱ «ይሆናል» ባንድ ላይ መጡብኝ። ባሌ ይርጋ በመንገድ ነገር ተሳስቶ አያውቅም። ወረቀቱ እውነት ከሆነ እኛ ያለነው ሌላ ቦታ ነው። የት እንደሆነ ግን አላውቅም።

ማን እንደነበርሁ ልንገራችሁ። ጥሩወርቅ እባላለሁ። ደንቢያ ተወልጄ ለይርጋ ተድሬ፣ ልጅ ይዤ ቆላ የወረድሁ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ በጣት እየተከተልሁ ማንበብ ድረስ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው ስንት ጊዜ እየሰረዝሁ ነው። ይርጋ በመተማ በኩል በአንድ ሰፊ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ላይ ማሳ ለኪ ነበር። ገመድ ይጎትታል፣ ችካል ይተክላል፣ የችካሉን ራስ ቀለም ይቀባል። ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ማሽላው መካከል ገብተው መንገድ ሲጠፋቸው የሚያወጣቸው እሱ ነው። የእኛ አገር ማሽላ ፈረሰኛ ይውጣል፤ ውስጡ የጠፋ ሰው ሰማይ እንጂ ሌላ አያይም። ይርጋ ታዲያ ከዳር ቆሞ «መጀመሪያ የቆምህበትን ንገረኝ፤ መንገዱን ኋላ እነግርሃለሁ» ይላል። እኛ ቤት ይህ ቀልድ ሆኖ ነበር። ጨው አልቋል ስለው እንኳ «መጀመሪያ የቆምሽበትን ንገሪኝ» ይለኝ ነበር።

ደርግ ሲመጣ እርሻው የመንግሥት ሆነ። ይርጋን ያልታረሰውን ማሳ ታርሷል ብለህ ጻፍ አሉት፤ እምቢ አለ። እምቢ ማለቱ ምን እንደሚያመጣበት ሲያውቅ፣ ክረምት ሳይገባ ሱዳን ገባ። እሱ በሄደ በወሩ እኛን የሠራተኛ ቤተሰቦችን አስነሡን። ለጥበቃ ይመቻል ተብሎ የመኪናው መንገድ ዳር፣ ከአሮጌው በስተደቡብ አንድ ሰዓት በሚያስሄድ ቦታ፣ አዲስ መንደር መሠረቱልን። ምሰሶውንና ሣሩን ተሸክመን ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ከቦታው ቀረ፤ ታቦት እንደ ሰው ተነሥ ሲሉት አይነሣም። ጎረቤቱ ያው፣ ምሰሶው ያው፣ ድስቱ ያው ሲሆን ሰው መነሣቱን ይረሳል። መስከረም ሲጠባ እኔ ቤት ስል አዲሱን ነበር የምለው።

ይርጋ ይህን አያውቅም። ማን ይንገረው?

አስካል ጎንደር ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ሲታፈሱ በጭነት መኪና ተደብቃ መጣችብኝ። ሦስት ሳምንት ከጓዳ አላወጣኋትም። በኅዳር አንድ ሐሙስ በቀበሌው ስብሰባ ስሟ ተነበበ፤ ሰኞ ጽሕፈት ቤት ትቅረብ ተባለ። ቀርባ የተመለሰች ልጅ እኔ አላየሁም። ዕድል ሆኖ በዚያው ሳምንት መተማ ገበያ ላይ ሐሰን የሚባል ግመል ነጂ ጠርቶኝ ጨው የቋጠረልኝ አስመስሎ የይርጋን ወረቀት በጨርቅ ሰጥቶኝ ነበር። አማርኛው አጭር ነው። «ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ቀትር፣ ሦስተኛው ኮር። ከዚያ ኋላ እኔ የለም» አለኝ።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፤ እስከ ዛሬ በቃሌ አለ። «ጀርባችሁን ለፀሐይ መውጫ ሰጥታችሁ ከደጃፍ ተነሡ። በመጀመሪያው ኮር ላይ ዲማ አለ፤ አልፉት። በሁለተኛው ኮር ላይ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ከሥሩ አሸዋውን ክንድ ያህል ቆፍሩ፤ ውኃ ታገኛላችሁ። ከድንጋዩ ወደ ግራ እጃችሁ ኮሩን ተከተሉ። ቀዩ ኮረብታ ጋ ሳትደርሱ ወደ ፀሐይ መግቢያ ታጠፉ፤ ኮረብታው በግራችሁ ይቅር። ከኮረብታው ወዲያ ኬላ አለ፤ ኮረብታው ይጋርዳችኋል። ሦስተኛው ኮር ድንበር ነው። በቀን ሂዱ፤ በሌት የተገኘ ይተኮስበታል። ማጭድ ይዛችሁ አጫጅ ምሰሉ።»

ከመሄዳችን በፊት የሆነ አንድ ነገር አለ። ግድግዳ የምንጋራት በላይነሽ ወንድሟ ይፈለግ ነበርና ዓርብ ዕለት መጥታ ለመነችኝ። አስካል ወረቀቱን ከደብተሯ ገንጥላ ቃል በቃል ገለበጠችላት። አንዲት ነጥብ አልጣለችም። በላይነሽ «እኛ ረቡዕ እንከተላችኋለን» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ቅዳሜ ቀትር ላይ ባዶ ጉድጓድ ዳር ነን። አስካል ወረቀቱን አጠፈችና፣ ድንጋዩ ባይሆንም ኮሩ ግን ሁለተኛው መሆኑን፣ ወደ ግራ ብንሄድ ኮረብታው ሲታይ ያለንበትን እንደምናውቅ ነገረችኝ። ፊደል የቆጠረ ሰው አነጋገር ነው፤ ልክ ይመስላል። እኔም ከጥም ጋር ተቀምጬ ማሰብ አልቻልሁም። የዚያን ጊዜ ቁሚ ማለት ነበረብኝ። ምልክቱ ከሌለ የሚቀጥለው ቃል ለእኛ አልተጻፈም። ግን ተነሥተን ወደ ግራ ታጠፍን።

በኮሩ ሆድ ሄድን። ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦው በላይ ማሽላ ነው። ኮረብታውን ከፊቴ እጠብቃለሁ፤ የሚታየኝ አሸዋና ሰማይ ብቻ። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ከዳሩ ላይ ድምፅ መጣ።

«እናንተ አጫጆች፣ የማን ናችሁ?»

ሸምገል ያለ ሚሊሻ ነው፣ ጠመንጃውን እንደ ከዘራ ተደግፎ። ከኋላው ሁለት የሣር ጎጆና ባንዲራ የተሰቀለበት አጠና አየሁ። ኬላው ነው። ከኮረብታው ወዲያ ያለው ኬላ። ኮረብታውን ሳናይ ከኮረብታው ወዲያ ነበርን።

የመንግሥት እርሻ አጫጆች ነን፣ ውኃ ፍለጋ ወጥተን ከሰዎቻችን ተለየን አልሁት። ከኮሩ ውጡ ተባልን። ጓዶቹ ጓድ ላቀው ይሉታል። ውኃ በጣሳ አስመጣልን፤ እግዜር ይስጠው፣ ከመጠየቁ በፊት አጠጣን። ከዚያ አስካልን እጇን ዘርጊ አላት።

«አጫጅ የሆነች ሁሉ ጣቷን በጨርቅ ትጠቀልላለች» አለ። «የዚች ጣት የሙሽራ ጣት ነው።»

«ወባ ይዟት ስትነሣ ስትወድቅ ከርማ ነው፣ ጌታዬ። ዛሬ ነው ገና የወጣችው።»

«ወባ ጣት ያለሰልሳል እንዴ?»

ሌሎቹ ሚሊሻዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ የማን እንደሆነ አላውቅም። ላቀው አልሳቀም። ከጎጆዎቹ ጀርባ ወዳለው ማሳ ጠቆመ።

«የኛም ማሽላ ቆሟል፤ ወፍ እየጨረሰው ነው። አጫጅ ከሆናችሁ እጨዱ፤ አይተን እንሸኛችኋለን። ካልሆናችሁም ያው ይታወቃል።»

ነጠላዬን ከጥለቱ ቀድጄ የአስካልን ጣቶች ጠቀለልሁላት። ስጠቀልል ጠጋ ብዬ አገዳውን ከታች በግራ እጇ እንድትይዝ፣ ማጭዱን ወደ ራሷ ሳይሆን ወደ ጎን እንድትስብ ነገርኋት። ጎን ለጎን ገባን። እኔ የራሴን ትልም ትቼ የሷን ግማሽ እበላላት ነበር፤ ከዳር ለሚያይ እኩል እንድንሄድ። የጣልሁትን ወደሷ ክምር እገፋለሁ። ፀሐይዋ ማጅራታችንን በላችው። ከሰዓት በኋላ የጠቀለልሁላት ጨርቅ ቀላ፤ እሷ ግን አንድም ቀን ማጭድ ይዛ የማታውቀው ልጅ፣ ማጭዱን አልጣለችም። ላቀው ከጥላ ሥር ተቀምጦ ያየን ነበር። ሁለት ጊዜ ተነሥቶ መጥቶ የታጨደውን አገዳ አንሥቶ አየና መለሰው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወገቤን ላቃና ቀና አልሁ። ማሽላው ወድቆ አገሩ ተከፍቶልኝ ነበር። ፀሐይዋ ከፊቴ ናት። ቀዩ ኮረብታ ከቀኜ ነው።

ማጭዱን እንደያዝሁ ቆምሁ። ዐሥራ ሁለት ዓመት በይርጋ ደጃፍ ተቀምጬ ማሽላ ስለቅም፣ ሽሮ ሳሰጣ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ኮረብታው ሁልጊዜ በግራ ትከሻዬ በኩል ነበር። ልጅ እያለች አስካልን «ኮረብታው የት ነው?» ስንላት ግራ እጇን ታነሣ ነበር። ከአዲሱ መንደር ግን በቀኝ ነው። ስድስት ወር በየማታው በቀኜ አይቼዋለሁ፤ አንድ ቀን ልብ አላልሁትም። ሰው በየቀኑ የሚያየውን አያይም።

ይርጋ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ተቀምጦ ያን ወረቀት ሲጽፍ በልቡ የቆመው አሮጌው ደጃፍ ላይ ነው። ከደጃፍ ተነሡ ያለው ከዚያኛው ነው። መንገዱ አንዲት ስሕተት የለበትም። እኛ ነን ከሌላ ደጃፍ ተነሥተን የሱን ግራ በኛ ግራ፣ የሱን ኮር በኛ ኮር ስንፈልግ የዋልነው። ሌላውን ሁሉ የቆሙበትን የሚጠይቅ ሰው፣ ለኛ ሲጽፍ የቆምንበትን መጠየቅ ረሳ። የሚያውቀው መስሎት ነው።

ማሽላ ስንከምር ለአስካል በጆሮዋ ነገርኋት። «አባትሽ ከአሮጌው ደጃፍ ቆሞ ነው የጻፈው።» ነገሩን ሳልጨርስ ገባት። ክምሩ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

«እና አሁን ምን እናደርጋለን፣ እማ?»

«ቤት እንመለሳለን።»

«የትኛው ቤት?»

«አሮጌው።»

አለቀሰች። መመለስ ማለት ወደሚፈልጓት ሰዎች መመለስ ነው። ኮረብታው እኮ ይኸው ይታያል፣ በኮሩ ሽቅብ ብንሄድ ከዚያ ጎኑ ጥቁሩን ድንጋይ እናገኛለን አለች። እውነትም የሚያጥር ያ ነበር። እኔም እሺ ልላት ምንም አልቀረኝም። እዚያው ባጨድነው አገዳ ላይ ተኝተን፣ እሑድ ሲነጋ ለመሰናበት ወደ ላቀው ሄድሁ። ቤተ ክርስቲያን ሳም አድርገን ወደ ሰዎቻችን እንመለሳለን አልሁት። የአስካልን እጅ አየ። ጨርቁ ደርቆ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። ጣሳችንን ተቀብሎ ራሱ ውኃ ሞላልንና እንዲህ አለኝ፦

«ወደ ኮረብታው እንዳትጠጉ፣ እታለም። እዚያ ያሉት ልጆች እንደኔ አይጠይቁም።»

ማወቁን አለማወቁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጅ ይኑረው አይኑረውም አልጠየቅሁት። የአስካልን ሐሳብ ግን እሱ ዘጋው፤ ከዚያ ኋላ አልተከራከረችኝም።

ኮሮቹን መልሰን ተሻግረን፣ በማሽላው ጥግ ለጥግ ወደ አሮጌው መንደር ወጣን። ረፋድ ላይ ደረስን። ቅዳሴ አልቆ የቀበሌው ሰዎች ምእመኑን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሰብስበው ይዘዋል፤ የእሑድ ስብሰባ ነው። እኛ ነጠላ ተከናንበን በአጥሩ ጀርባ አለፍን። የቤታችን ቦታ ከዚያ ዐርባ እርምጃ አይሆንም። የቀረው ሦስት ጉልቻ፣ የምሰሶ ጉድጓድና የደጃፉ ድንጋይ ነበር። ይርጋ ራሱ ያነጠፈው ድንጋይ ነው፤ ከመሀል ይጎደጉዳል፣ ዝናብ ሲመጣ ዶሮ ትጠጣበት ነበር።

እዚያ ላይ ስቆም የተሰበሰቡት ሴቶች ጀርባ ይታየኝ ነበር። ከሁሉ ኋላ የተቀመጠችው በላይነሽ ናት። በነጠላዋ አውቄአታለሁ፤ እኔ ነኝ የፈተልሁላት። ጠጠር ብወረውር ይደርስባታል። የምነግራት ሦስት ቃል ነው። ከአሮጌው ደጃፍ ተነሺ። በቃ ያ ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ግን ፊቱን ወደኛ አድርጎ ቆሟል። አስካል እጄን ጨበጠችኝ። ብጠራት ሰው ሁሉ ይዞራል። ረቡዕ ገና ሩቅ ነው፣ በሐሰን መልእክት እልክላታለሁ ብዬ ለራሴ ነገርሁት።

አልጠራኋትም።

ጀርባዬን ለፀሐይ መውጫ ሰጠሁ። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ቀኝ እግሬን አነሣሁ።

በመጀመሪያው ኮር ላይ ዲማው ነበር። አስካል ሮጣ ግንዱን አቀፈችው፤ እጇ የግንዱን ሩብ አልያዘም። እኔም መጥቼ በመዳፌ ነካሁት። ከዚያ ጀምሮ ምልክቱን በእጃችን ሳንነካ አንድ እርምጃ አንሄድም ተባባልን። በሁለተኛው ኮር ላይ ድንጋዩ ነበር፤ ጥቁር ነው፣ እንደ ምጣድ ቂጥ ጥቁር፣ የጠዋት ጥላ አያስፈልገውም። ክንድ ያህል ቆፈርሁ። መጀመሪያ እርጥብ፣ ቀጥሎ ጭቃ፣ ቀጥሎ ውኃ። ውኃው እስኪጠራ ጠብቀን በጣሳው ጠጣን። ጨርቁን አርሼ ከጣቷ ላይ አላቀቅሁላት። እዚያው አደርን፤ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወደ ግራ ታጠፍን።

ከዚህ የቀረው አጭር ነው። ከመጨረሴ በፊት ግን እናንተ የምታነቡት ጥቂት ታገሡኝ።

አስካል ዛሬ ካርቱም ኮምፒውተር የሚሉት ማሽን ባለበት ቢሮ ነው የምትሠራ። ሥራዋን ስትነግረኝ ቶሎ አልገባኝም ነበር። ማሽኑ ውስጥ ጽሑፉ ሁሉ በሣጥን ተቀምጧል አለችኝ፤ በሣጥን ውስጥ ሣጥን፣ በዚያ ውስጥ ሌላ ሣጥን። እሷ የትእዛዝ ዝርዝር ትጽፋለች። ወደዚህ ሣጥን ግባ፣ አሮጌውን ጥረግ፣ አዲሱን አስቀምጥ። ማሽኑ ሳይጠይቅ በተራ ይፈጽማል። አንድ ቀን ፊቷ ጠቁሮ ገባች። ዝርዝሩን የጻፈችው አንድ ቦታ ሆና ነው፤ ያስነሣችው ሌላ ቦታ ሆና ነው። ማሽኑ ደግሞ ዝርዝሩ የት እንደተጻፈ አያውቅም፣ የሚያውቅ እሱ አሁን የቆመበትን ነው። ግባ ያለችውን ሣጥን ከቆመበት ፈልጎ አጣው። አጥቶ አልቆመም። ወደሚቀጥለው ቃል አለፈና የቆመበትን ሁሉ ጠረገው። የሰዎች የስንት ወር ድካም ነበር።

«እማ፣ ዲማውን ያጣን ቀን ማለት ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱን ስትጽፍ ማሽኑ ራሱ ከሚጀምርበት፣ ከማይነቃነቀው ሥር አንሥታ ሙሉውን ትጽፋለች። ያ ካልተመቻት በመጀመሪያው ቃል ማሽኑን ወደ ዝርዝሩ ቤት ትመልሰዋለች። ከያንዳንዱ «ግባ» ኋላም «ካልደረስህ ቁም» የሚል ታክልበታለች። አጭር ቃል ናት ትላለች። እኔ ያቺን አጭር ቃል ሰምቼ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

በሐሰን የላክሁት መልእክት ሐሙስ ነው መንደሩ የገባው። በላይነሽና ወንድሟ ረቡዕ ጧት ተነሥተው ነበር፤ ከአዲሱ ደጃፍ፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ መውጫ ሰጥተው፣ አስካል በጻፈችላቸው ወረቀት። ሁለተኛው ኮር ላይ ወደ ግራ ታጥፈዋል። ሐሰን የሰማው ኬላው ጋ ሁለት ሰው ተይዞ መኪና ላይ መጫኑን ነው። ያን ቀን ተረኛው ላቀው አልነበረም ይሆናል። ማጭድ አልያዙም ይሆናል። ይኸው እንደገና «ይሆናል» እላለሁ። ወሬያቸውን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ይርጋም የመንደሩን መነሣት ከኔ አፍ ከሰማ ወዲህ ያቺን የጥንት ቀልዱን ዳግመኛ ከአፉ አልሰማኋትም።

ስለዚህ ለሰው መንገድ የምታሳዩ ሁሉ፣ ስሙኝ። ግራና ቀኙን ከመንገራችሁ በፊት ሰውየው የት እንደቆመ ጠይቁት። መጠየቅ ካልቻላችሁ፣ ከማይነሣው ነገር ጀምሩለት፤ ከተራራው፣ ከታቦቱ፣ ከወንዙ አፍ። ቤት አትበሉት፤ ቤት ይነሣል። በሰው ወረቀት የምትሄዱም፣ የመጀመሪያው ምልክት ከጠፋ ቁሙ። እኔ አሁን ገበያ እንኳ ስወጣ መንገዱ መሀል ቆሜ የት ነኝ እላለሁ፤ ሰው ያበድሁ ይመስለዋል።

ሰኞ ዕለት ኮረብታው ጋ ሳንደርስ ወደ ፀሐይ መግቢያ ታጠፍን። ኮረብታው በግራችን ቀረ። በዚያኛው ጎኑ ሰዎች ሲነጋገሩ፣ አንዱ ሲያስል ሰማን፤ እነሱ ግን አላዩንም። ይርጋ እንዳለው ጋረደን። ማሽላው አለቀና ሜዳ ሆነ፤ ሜዳው ላይ ራሳችንን ሳናነሣ ሄድን። ጥላችን ከእግራችን ሥር ሊገባ ሲል ሦስተኛው ኮር ደረስን። በወዲያኛው ዳር ግመሎቹ ተነሥተዋል፤ ሐሰን የመጨረሻውን ገመድ እያጠበቀ ነው። አይቶን እጁን ከገመዱ አነሣ።

አሸዋው ላይ ወረድን። አስካል ከፊቴ ሄደች፤ የቆሰሉት ጣቶቿ ተዘርግተው፣ ሚዛን እንደምትጠብቅ ሰው። መሀል ላይ ልትዞር ስትል እንዳትዞር ነገርኋት። በወዲያኛው ዳር ሐሰን እጇን ሳይሆን ክንዷን ይዞ አወጣት፤ ቁስሏን አይቷል። እኔን ማንም አላወጣኝም፤ በጉልበቴ ወጣሁ።

«ቀትር ሊሆን ነው። ከየት ነው የመጣችሁ?» አለኝ።

«ከአሮጌው ቤት» አልሁት።

ድንበሩን አልፈናል። ልጄ በሕይወት አለች። እኔና እሷ ደኅና ደርሰናል።